በረካ ያልነው እንክብል

ከሚሴ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክላስ አደም፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የባሕሩን ወበቅ ያብርድልሽ፤ ከሰው አገር ክፉ ዓይንም ይሰውርሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ ከወገቤ በላይ ማለቴ ነው፤ የቀረውን እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ቶፊቅ አድርሶልኛል። የመኪናውን ጭነት ኮምቦልቻ አራግፎ ወደ እናቱ ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ያንኳኳው የእኔን በር ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው። አንቺ ግን ደብዳቤሽ ላይ ቀን አልጻፍሽበትም። ቀን የሌለው ደብዳቤ መቼ እንደታመምሽ፣ መቼ እንደዳንሽ አይናገርም። ሁለተኛ ደረጃ እስክትጨርሺ እቤቴ ስትቀመጪ ይህን አስተምሬሽ ነበር። ሰዎች «ጅቡቲ ያለችው ልጅዎ ናት?» ሲሉኝ «የአጎቴ ልጅ የልጅ ልጅ ናት» ብዬ በትክክል እመልሳለሁ። አንቺ ግን አዳዳ ማለትሽን አትተዪ። ከአባትሽ ወገን አክስት ተብላ የቀረችው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ወገቤ። በመስከረም መጨረሻ ከባጃጅ ስወርድ ወደቅሁ። ሹፌሩ እግሬ መሬት ሳይነካ ተነሣ። ደሴ ወስደው አዩኝ፤ የዳሌ አጥንቴ ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም አሉ። ሐኪሙ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቢጫ የሆነ እንክብል አዘዘልኝ። ኢክላስ፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ሕመሙ አይጠፋም፤ እዚያ ማዶ ሆኖ የሌላ ሰው ሕመም ይመስላል። ቤቱም ዝም ሲል አያስፈራኝም።

የረቡዕ ወዳጃችን፣ የዱዓ መሰባሰቢያችን፣ አልተቋረጠም። ሴቶቹ እንደ ወትሮው ወደ እኔ ቤት ይመጣሉ፤ እነርሱ ጫታቸውን ይዘው፣ እኔ ባዶ እጄን፤ ዱዓውን የማደርገው እኔ ነኝ። እንደምታውቂው ጫት አፌ ገብቶ አያውቅም። መንገድ ዳር ጉንጫቸውን ነፍተው የሚውሉትን ልጆች ሳይ፣ ስንቱን ፊደል እንዳስቈጠርሁ አስቤ አንገቴን እደፋለሁ።

ስልክ ግዢ አትበዪኝ። ጆሮዬ ስልክ አይሰማም፤ ጮኸው ሲያናግሩኝም የተቆጡኝ ይመስለኛል። የማነብበት መነጽር ጆሮው ተሰብሯልና ሌላ ላኪልኝ። የሚቀባ የወገብ መድኃኒትም ካገኘሽ።

አዳዳሽ ኡምኩልሱም


ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016

ለተከበሩ አክስቴ ለአዳዳ ኡምኩልሱም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ዐፊያውን ያልብስዎት፤ ለእኛም ያቆይልን።

ቀን ጽፌያለሁ፤ ይዩልኝ። መነጽሩን ቶፊቅ ይዞታል፤ የሚቀባውም አብሮ አለ። ሲቀቡት ዓይንዎን እንዳይነኩ።

እኔ ደኅና ነኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ከቀዶ ጥገና የወጡትን የሚያስታምመው ክፍል ተመድቤያለሁ። ፈረንሳይኛውን ከበሽተኛ፣ ሶማሊኛውን ከጽዳት ሠራተኞቹ እየተማርኩ ነው። በአማርኛ የማወራው ቶፊቅ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ጎማ ነው የሚያወራኝ። ክፍሌ ከሱቅ በላይ ነው። ማራገቢያው ሲቆም ከተማው በሙሉ ትንፋሹን የያዘ ይመስለኛል።

ስለ እንክብሉ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሐኪሙ እስከ መቼ ይውሰዱ ብሎዎት ነበር? ካለው ቀን እንዳያሳልፉት። ክፍላችን ውስጥ ስለምሰጠው ነው የማውቀው። ትራማዶል ይባላል፤ ለአጥንት ሕመም ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ጥሩ አይደለም።

የእርስዎው ኢክላስ


ከሚሴ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክላስ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በጎ ሰው ያጋጥምሽ።

መነጽሩ ደርሶኛል፤ ጥሩ ነው። የሚቀባውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ እኔን አልረዳኝም።

ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት አልቋል። መድኃኒት ቤት የሚሠራው አቡበከር ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለ ያስተማርሁት፣ ያ ጥርሱ ፍንጭት። «እትዬ፣ ያለ ማዘዣ መሸጥ አልችልም» አለኝ።

«አቡበከር» አልሁት፣ «ማባዛትን ያለ ማዘዣ ነው ያስተማርሁህ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮው ድረስ ቀላና እቃውን ከመደርደሪያው ስር አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ስመጣ አይከራከርም። አሁን ግን እየጠፋ ነው፤ ዋጋውም በየሳምንቱ ይለወጣል። አንቺ ከምትሠሪበት ክሊኒክ በርከት አድርገሽ ላኪልኝ።

የጎረቤቴን ነገር ልንገርሽ። ረቢአ ትባላለች፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣችው። ባሏ ሞቶባታል፤ ከቆላ የሚመጣውን ከሰል ከመኪና እያወረደች ትሸጣለች። አንድ ረቡዕ ለወዳጃ መጥታ፣ መቀመጥ አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወገቧ እንደ ሸምበቆ ሊሰበር የደረሰ ነው። ዱዓውን ከጨረስሁ በኋላ ከእንክብሎቼ አንዱን መዳፏ ላይ አኖርሁላት። በሚቀጥለው ረቡዕ ቆማ እየሣቀች መጣች። «አዳዳ፣ ዱዓሽ ደረሰ!» አለችኝ። ሌሎቹም ሰሙ። አሁን ወገቧን ያመማት፣ ራሷን ያመማት፣ ልቧ ያዘነባት ሁሉ ዱዓው ሲያልቅ እጇን ትዘረጋለች። ሼሆቹ ቴምርም ውኃም ላይ እፍ ብለው እንደሚሰጡት፣ እኔም ቢስሚላህ ብዬ እሰጣለሁ። በረካ ይሉታል። ለሰው የሚጠቅም ነገር በረካ ነው፤ ምን ሐሰት አለበት?

ከዚህ በፊት ይህን ያህል ሰው እቤቴ ገብቶ አያውቅም።

መድኃኒቱን በቶፊቅ እጅ፤ አትርሺ።

ኡምኩልሱም


ጅቡቲ፣ የካቲት 3 ቀን 2016

ለተከበሩ አዳዳ ኡምኩልሱም

አሰላሙ ዐለይኩም። ከአላህ በታች ያለኝ እርስዎ ነዎትና አላህ አያሳጣኝ።

የላክሁት ፓራሲታሞል ነው። የጠየቁኝን አልላክሁም፤ ከክሊኒኩ ባወጣውም ሌብነት ነው፤ ሌብነትም ባይሆን አልልክም ነበር። ይቆጡኛል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ በሚያውቁት ልንገርዎት። ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ሕመም ማስታገሻ አለው። ጥቂት ነው፤ ግን ቀን ከሌት ይሠራል፤ የሕመሙን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ልብንም ያረጋጋል። እንክብሉ ከውጭ መጥቶ በዚያ ማስታገሻ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። የቤት ሥራውን ሌላ ሰው እየሠራለት የሚመጣ ተማሪ ያውቃሉ አይደል? መጀመሪያ ደስ ይለዋል። ከጊዜ በኋላ ብዕር ቢሰጡት እጁ አይታዘዝለትም። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ የራሱን መሥራት ይተዋል። ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃም። የሚሠራለት ሰው የቀረበት ቀን ደግሞ ከመጀመሪያው ሕመም የባሰ ይመጣል፤ ማዛጋት፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ላብ፣ የሆድ መረበሽ፣ ጉንዳን የወረረው የሚመስል እግር። ያን ጊዜ ሰውየው መድኃኒቱን የሚፈልገው ለአጥንቱ አይደለም።

ደግሞም ሲበዛ ትንፋሽን ያዘገያል። አንዳንዱን ሰው ያንቀጠቅጣል፤ እንደሚጥል በሽታ አረፋ አስደፍቆ ይጥለዋል። ማን ላይ እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ረቢአን የማያውቁት ሕመም ቢኖርባትስ? ስለ አላህ ብለው ለሰው መስጠቱን ይተዉ።

ለራስዎ ግን በአንድ ቀን እንዳይቆርጡት። ሐኪም ዘንድ ሄደው ቀስ በቀስ ይቀንሱልዎት። በቀን ስንት ነው የሚውጡት? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

ኢክላስ


ከሚሴ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኢክላስ

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳን ሙባረክ።

ፓራሲታሞልሽን ቶፊቅ ይመልስልሻል። ለሕፃን ትኩሳት ስጪው።

ሰባ ዓመት አልፎኛል። ዕድሜዬን በሙሉ ሰዓት ጠብቄ ተነሥቻለሁ፣ ሰዓት ጠብቄ ተኝቻለሁ፤ ጥርሴን የነከስሁበት ቀን ይበዛል እንጂ ያለቀስሁበት አይበዛም። ዛሬ ያሳደግሁሽ ልጅ ከመንገድ ዳር ልጆች ጋር በአንድ መስመር አሰለፍሽኝ። ሐኪም አዞልኝ የጀመርሁት ነው። ልዩነቱን ነርስነት ያስተምራል ብዬ ነበር።

አንቺስ? ጅቡቲ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይሠራም ይላል ቶፊቅ፤ ጫቱ ሲገባ ከተማው በሙሉ ይቀመጣል ይላል። አንቺ ያን ጊዜ የት ነሽ?

ጾሙ በዚህ ዓመት ከብዶኛል። ጉንፋን ይዞኛል። ከዙህር ሶላት በኋላ ይጀምረኛል፤ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣ ሳዛጋ መንጋጋዬ ሊወልቅ ይደርሳል፣ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣለሁ። መግሪብ ላይ ካፈጠርሁ በኋላ ይተወኛል። ለጉንፋን የሚሆን ነገር ካለሽ ላኪ። ሌላውን አልጠይቅሽም።

ኡምኩልሱም አሊ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 21 ቀን 2016

ለተከበሩ አዳዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጾምዎን አላህ ይቀበልዎት።

አዳዳ፣ ጉንፋን ሰዓት አይጠብቅም። በአዛን አይለቅም።

ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ራስዎ እርማት ያድርጉበት።

ለጠየቁኝ እመልሳለሁ። ከሰዓት በኋላ እቅማለሁ። በጾም አይደለም፤ በሌላው ጊዜ። ሰው ስለሚያዋራኝ ብዬ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ጀመርኩ። አሁን ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነው የምቅመው፤ የሚያወራኝ ሰው የለም። የማውቀውን የጻፍኩልዎት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ኢክላስ


ጅቡቲ፣ ግንቦት 2 ቀን 2016

ለተከበሩ አዳዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ኢድ አለፈ፤ ቶፊቅ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን። «በሩ ዝግ ነው፤ ሰው ግን ውስጥ አለ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ስጠይቀው ስለ ጎማ ማውራት ጀመረ።

አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ቀን ባይኖረውም እቀበላለሁ።

ኢክላስ


ከሚሴ፣ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢክላስ አደም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሦስት ቀን ነው፤ እጄ ይንቀጠቀጣልና ፊደሌን አትመልከቺ። አላህ ከአንቺ እጅ ያድርሰው።

ያ አጭር ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረመዳን ሊያልቅ አካባቢ ነበር። «ጉንፋን ሰዓት አይጠብቅም።» አነበብሁና ቀደድሁት። ሲቀደድ ግን ዓረፍተ ነገሩ አልተቀደደም።

በዚያው ቀን መግሪብ ሲደርስ ራሴን ተመለከትሁ። ቴምሩ ሳህን ላይ ነበር፤ ውኃው በብርጭቆ። አዛኑ ገና ከመጀመሩ እጄ ቴምሩን አልፎ ወደ እንክብሉ ሄደ። ኢክላስ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜያለሁ፤ ረሃብን አውቀዋለሁ፤ ውኃ ጥምንም አውቀዋለሁ። ይህ ከሁለቱም አይደለም። ጾሜን የምፈታው ለአላህ ብዬ ይሁን ለእርሱ ብዬ አልለይ አልሁ። ያም ሆኖ ዋጥሁት።

የሚቀጥለው ረቡዕ ካፈጠርን በኋላ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ላስቀራቸው አስቤ ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ ግን ደስ አለኝ። የመጣሽበትን ዓመት ጨምሮ ያ በር እንደዚያ ሲንኳኳ ሰምቼ አላውቅም። ረቢአ ከሁሉ ፊት ተቀመጠች። ዱዓውን ሳልጨርስ እጇን ዘርግታ «አዳዳ፣ ናፍ ኬኒ፤ ዛሬ ሁለት ስጪኝ፤ አንዱ አይበቃኝም» አለች። ሳቁባት። «ምነው ረቢአ፣ በረካውን ለብቻሽ ልትጨርሺው ነው?» አለቻት አንዷ። እኔ እንኳ ሣቅሁ። ሁለት ሰጠኋት። ቤቷም የራሷን ገዝታ ታስቀምጥ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሴቶቹ ወደ ሶላት ሊነሡ ሲሉ ወደቀች። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ጥርሷ ገጠመ፤ ተረከዟ ወለሉን ይደልቀው ጀመር። አፏ ዳር አረፋ ሆነ። «ያ ረቢ!» አሉ። «ጂን ነው፤ የከሰሉ ቦታ ጂን ነው የያዛት» አሉ። አንዷ ቁርኣን ትቀራባት ጀመር፣ አንዷ እጇን ጨመቀች፣ ሌላዋ «እትዬ፣ ዱዓ አድርጊላት፤ ያንቺ ዱዓ ነው የሚደርሰው» አለችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የእንክብሉ ቆርቆሮ እጄ ውስጥ ነበር።

ያን የጻፍሽልኝን ደብዳቤ፣ ስለ መንቀጥቀጡ የሚለውን፣ ቃል በቃል አውቀው ነበር። ተቆጥቼ ያነበብሁትን አልረሳም። «ጂን አይደለም» አልሁ። ድምፄ ወጣ። «እኔ የሰጠኋት ነው። መድኃኒት ነው፤ በረካ አይደለም። እጇን ልቀቂ፤ በጎኗ አስተኙአት፤ ባጃጅ ጥሩ።»

ማንም አልተነሣም። አንድ ጊዜ እንደማይሰማ ልጅ ጮህሁባቸው፤ ከዚያ ተነሡ።

ረቢአ አልሐምዱሊላህ ዳነች። ሆስፒታል ሰንብታ ወጣች። ሐኪሟ በልጅነቷም ሁለት ጊዜ እንዲሁ እየተንቀጠቀጠች ወድቃ እንደነበር ጠይቆ አወቀ፤ እኛ አልጠየቅናትም። ሴቶቹ ግን ከዚያ ረቡዕ ወዲህ አልመጡም። ገበያ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ጨዋ ናቸው፤ ከዚያ ወደ ጎን ይሄዳሉ። አንዷ ለቶፊቅ እናት «አስተማሪ ናት ብለን እጃችንን ዘረጋንላት» አለች አሉ። ልክ ናት፤ የሚታረም ነገር የለውም።

በሩን ዘጋሁ። በአንድ ቀን ልቆርጠው ብዬ ነበር፤ አይቁረጡት ማለትሽን አውቃለሁ። ሆዴ ፈሰሰ፣ አልጋዬ በላብ ራሰ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ሰው አየሁ። የማዛጋው አፌ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ መሰለኝ። ቶፊቅ ሲያንኳኳ ውስጥ ነበርሁ፤ ያንን መልክ ይዤ በር መክፈት አልቻልሁም። ከዚያም ተሸነፍሁና የተረፈኝን አንድ ዋጥሁ። በዕድሜዬ በደንብ የተሸነፍሁት ያን ቀን ነው።

በሩን ያስከፈተኝ አቡበከር ነው። የረቢአን ነገር ሰምቶ መጣ፤ እኔ ሳልናገር አለቀሰ። «እትዬ፣ መከልከል ነበረብኝ፤ ግን እርስዎን እንዴት ብዬ» አለ። «ተው፤ ስህተቱን ሁለታችንም ነው የሠራነው» አልሁት። ባጃጅ አስመጥቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሐኪሙ ቀስ እያለ የሚቀንስ መጠን አዘዘ፤ እንክብሎቹ ግን እኔ ዘንድ እንዲቀመጡ አልፈቀደም። ራሴም አልፈቅድም ነበር።

አሁን አቡበከር በየምሽቱ ከመግሪብ በፊት፣ መድኃኒት ቤቱን ቆልፎ ሲመለስ ይመጣል። «እትዬ፣ እጅዎን» ይለኛል። እዘረጋለሁ። ያ ልጅ ስንት ጊዜ እጁን እንዲዘረጋ አድርጌው በማስመሪያ እንደመታሁት ሁለታችንም እናውቃለን። እርሱ ግን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ነው የሚያኖርልኝ። ከዚያ እስክውጠው ይጠብቃል፤ አፌን ያያል፤ ይሄዳል። በቀን የማየው ሰው እርሱ ብቻ ነው። ከእርሱ ሌላ የቀረኝ ቤቱ ነው። አሁን ቤቱ ዝም ሲል እሰማዋለሁ። እንክብሉ የወሰደልኝ የወገቤን ሕመም ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ዝምታም ይዞልኝ ኖሯል። አሁን ሁለቱንም መልሶ እየሰጠኝ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ምንጣፉን አንጥፌ ተቀመጥሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ልማድ ነው። በሩ ተንኳኳ። ረቢአ ናት። ከስታለች፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። እንደ ድሮው ፊቴ ተቀመጠችና ዱዓ አደረግሁላት። ሲያልቅ እጇን ዘረጋች።

«ረቢአ፣ የለም።»

«አውቃለሁ፤ ለምንም ብዬ አይደለም። እጄ ነው የለመደው» አለች። መዳፏን ግን አላጠፈችም።

ይህን እየተባባልን አቡበከር ገባ። ረቢአን አያትና ቆመ። እኔም አየሁት። ነገ ናልኝ ልለው ፈለግሁ፤ ልለው እንደማልችል ደግሞ ሰውነቴ ያውቅ ነበር። «እጅዎን» አለኝ ቀስ ብሎ። ረቢአ እያየችኝ እጄን ዘረጋሁ። እርሷን የለም ብዬ፣ እኔ ልቀበል። ከዚህ የከበደ ፈተና ተፈትኜ አላውቅም፤ ማለፌንም አላውቅም።

ረቢአ የራሷን እጅ አጠፈች። ከዚያ ብርጭቆውን ከአጠገቧ አንሥታ ውኃውን አቀበለችኝ። «ቢስሚላህ በይ አዳዳ» አለችኝ፤ ዋጥሁት። እስኪመሽ ድረስ አብረን ተቀመጥን። ስትሄድ «ረቡዕ እመጣለሁ» አለች።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። መድኃኒት አትላኪ፤ መነጽሩም ይበቃኛል። አንቺ በዚያ ክፍል ብቻሽን እንደምትቅሚ ከጻፍሽልኝ ወዲህ የአንቺን ማራገቢያ ሲቆም እሰማዋለሁ። አልቈጣሽም፤ ተዪ ብዬም አላዝሽም፤ ለማዘዝ አፍ የለኝም። ክፍልሽ እንደነበረ ነው። ፈቃድ ሲሰጡሽ ቶፊቅ ከሚያራግፈው ጭነት ጋር አብረሽ ነይ። አንቺን ነይ ብዬ ለምኜሽ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ዕቃ ነበር የምለምንሽ።

በረቡዕ ብትደርሺ በሩ ክፍት ነው።

አዳዳሽ ኡምኩልሱም